እኩል አካፋዩ

ከጉና ተራራ ሥር፣ ደብረ ታቦርን በሩቁ ከምታይ መንደር፣ እኩል በማካፈል ስሙ የወጣ አንድ ገበሬ ነበር አሉ። ወንድማማቾች በውርስ ሲጣሉ፣ ጎረቤታሞች በድንበር ሲካሰሱ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ቀፎ ማር ተጣልተው ቢመጡ፣ ማሩን በጭልፋ እየቆጠረ አካፈላቸው። አንዲት ጭልፋ ብትተርፍ ደግሞ ወደ አንደኛዋ ሄዳ ሚዛን ከምታዛባ ብሎ ለቤተ ክርስቲያን ላካት። ሰው ይስቅበታል፤ ሲጣላ ግን ወደ ሌላ አይሄድም።

ይህ ገበሬ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ትልቁ የአባቱን መልክ ይዞ ጠይም ሆነ። ትንሹ ሲወለድ ግን አዋላጇ ወደ ደጅ ብርሃን አውጥታ ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችው። ቆዳው ነጭ፣ ጸጉሩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ዓይኑም ብርሃን ሲያገኘው የሚርገበገብ ነበር። ገሚሱ ሰው እናቲቱን አማ፤ ገሚሱ እርግማን ነው አለ፤ ልጆቹ "ፈረንጁ" ብለው ስም አወጡለትና ነገሩን ጨረሱት። ገበሬው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሳይበተን ቆመና "ልጁ የእኔ ነው፤ እንደ ወንድሙ ይበላል፣ እንደ ወንድሙ ይለብሳል፣ እንደ ወንድሙ ይሠራል" አለ። ከዚያ ወዲህ በፊቱ ያማ የለም። እዚህ ላይ ሰውየውን ማክበር ይገባል። ስንቱ አባት እንዲህ ያለውን ልጅ ከነእናቱ አስወጥቷል። ጣጣው የመጣው ከንግግሩ መጨረሻ ነው፤ "እንደ ወንድሙ ይሠራል" ካለው።

ከዚያ በፊት ግን የቅቤው ነገር አለ። እናቲቱ ከአራስ ቤት ስትወጣ እንደ አገሩ ወግ ልጇን ቅቤ ቀብታ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ጸሐይ ታሞቀው ጀመር። ለሌላው ሕፃን ደግ ወግ ነው፤ የጠዋት ጸሐይ አጥንት ያጠነክራል፣ ቤት ተዘግቶበት ያደገ ሕፃን እግሩ ይጎብጣል። ይኸኛው ሕፃን ግን በሦስተኛው ቀን ትከሻው ቀላ፣ በአራተኛው ውኃ ቋጠረ። ቅቤ ቆዳ ያወዛል እንጂ ጥላ አይሆንም። አያትየው አይታ "ምች ነው" አለችና ዳማከሴ ጨምቃ አሸችው። እናት ምንም ሳትል ከማግስቱ ጀምሮ መኝታውን ከደጃፍ ወደ ጓሮ ጥላ አዛወረችው።

ምችን የሚንቅ ሰው አልወድም። የገጠሩ ሰው ጸሐይ ሰውን ልትጎዳ እንደምትችል ያስቀመጠበት ስም ነው፤ ስንቷ እናት "በቀትር አትውጣ፣ ምች ይመታሃል" እያለች ልጇን ከእሳት ያወጣችበት ምክር ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው የምች ቁስል ግን ልክ አለው። ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይከስማል። ወር ያለፈው ቁስል ምች አይባልም። በዚያ መንደር ይህን ልክ የሚቆጥር ሰው አልነበረም።

ልጁ አደገ። ሰባት ዓመት ሲሆነው እንደ ወንድሙ ከብት አገደ፤ አሥር ሲሆነው አረመ፤ አሥራ ሁለት ሲሆነው ከማረሻው ኋላ ጓል ከሰከሰ። አባት ለሁለቱም እኩል ኩታ፣ እኩል ቁራሽ፣ እኩል ጸሐይ ሰጣቸው። ጉና ብርድ አገር ነው፤ የብርድ አገር ሰው ጸሐይን ይናፍቃታል እንጂ አይፈራትም። ችግሩ ጸሐይ ቆዳ የምትጎዳው በሙቀቷ አለመሆኑ ነው። የሚጎዳው በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የሚሉት ጨረር ነው፤ ብርድ አይመልሰውም፣ ስስ ደመናም አያቆመውም። እንዲያውም ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። ደብረ ታቦር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር የምታልፍ ናት፤ መንደሪቱ ደግሞ ከከተማዋ በላይ ነች። ነፋሱ እያቀዘቀዘ፣ ልጁም ብርድ ብርድ እያለው፣ ቆዳው ይቃጠል ነበር።

በአሥራ ሦስት ዓመቱ ማጅራቱ ሻከረ፤ እጁ ላይ ሲዳስሱት የሚከረክር ቅርፊት ወጣ። ከዚያ የግራ ጆሮው ጫፍ ላይ አንዲት ቁስል ታየች። አታምም። ትደርቃለች፣ ስትታጠብ ትደማለች፣ ተመልሳ ቅርፊት ትይዛለች። አያትየው ዳማከሴዋን አመጣች። ጠበል ተወሰደ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ጥር ገባ። ቁስሏ በሰፋች መጠን ቤተሰቡ ለመዳት።

ነገሩን የቀየረው በሬ ነው። ገበሬው ቦራና ዳልቻ የሚባሉ ጥንድ በሬዎች ነበሩት። አንድ የግንቦት ጠዋት የመንደሩ የቅኔ መምህር፣ የኔታ፣ በእርሻው ዳር ሲያልፉ ዳልቻን ከጎረቤት በሬ ጋር ተጠምዶ አዩት። ቦራ ከጥድ ሥር ተኝቶ ያመነዥካል።

"ቦራ ምን ሆኖ ነው?" አሉ።

"ጫንቃው ስስ ነው የኔታ፣ ቀንበሩ ልጦታል። እስኪጠግ አሳርፌዋለሁ፤ ቀንበሩ ላይም የበግ ቆዳ እየሰፋሁለት ነው።"

"ዳልቻስ?"

"የሱ ደንዳና ነው፤ ምን ይሆናል?"

"እንግዲያ አዳልተሃል።"

ገበሬው ሳቀ። "ምነው የኔታ! በሬ እኮ ነው።"

"በአንድ ቀንበር እኩል የጎተቱ ናቸው። ለአንዱ ዕረፍትና ለስላሳ ቆዳ፣ ለአንዱ ጅራፍ። የማር ጭልፋ እንኳ የማያዛባ ሰው ይህን እንዴት ቻለው? ወይ ሁለቱንም አሳርፍ፣ ወይ ሁለቱንም ጥመድ።"

"እንዲህ ያለ ዕብደት ማን ይሠራል! ጫንቃው የተላጠውን ብጠምደው በሬዬን ነው የማጣው።"

የኔታ መልስ አልሰጡም። መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ማሳው ጫፍ አመለከቱ። እዚያ ትንሹ ልጅ ራሱን ሳይሸፍን፣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ፣ ጓል ይከሰክሳል። ከጆሮው የወረደ ደም አንገቱ ላይ ደርቋል። ገበሬው ዕርፉን እንደ ያዘ ቆመ። ዳልቻ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ሳብ አድርጎት ነበር ይላሉ፤ አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ልጁን ይዞ ሆስፒታል ወረደ። ሐኪሟ ጆሮውን በመብራት አየች፣ በማጉያ መነጽር አየች፣ ከዳሩ ትንሽ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ የቆዳ ካንሰር ሆነ። "ካንሰር የከተማ ሰው በሽታ አልነበረም እንዴ?" አለ አባት። ሐኪሟ አልሳቀችም። እንደ ልጁ አልቢኒዝም ያለባቸውን ሰዎች በእኛ አህጉር ከሁሉ አብዝቶ የሚያጠቃው ይህ መሆኑን፣ በጊዜ ከተቆረጠ እንደሚድን፣ ከተተወ ግን ከጆሮ ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ውስጥ እንደሚወርድ ነገረችው። የዚህ ልጅ ገና ከጆሮው አልወጣም። የጆሮው ጫፍ ተቆርጦ ተሰፋ።

ከዚያ አባት ለዓመታት ሳይጠይቅ የኖረውን ጠየቀ፦ "ይኼ ነገር ከየት መጣበት?"

"ከሁለታችሁ" አለች ሐኪሟ። "ግማሹ ካንተ፣ ግማሹ ከእናቱ። ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት በልጅህ ቆዳ ውስጥም አሉ፤ ቁጥራቸውም ካንተ ብዙ አይለይም። የጎደለው ሥራቸው ነው፤ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም አይሠሩም። የሚያጎድለውን ዘር አንተም እሷም ሳይታወቃችሁ ይዛችኋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። እርግማንም አይደለም፣ የማንም ኃጢአት አይደለም።"

እናቲቱ በሩ አጠገብ ቆማ ሰምታለች። አሥራ ሦስት ዓመት ምንጭ በወረደች ቁጥር ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ኖረዋል። ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና ከባሏ ጎን፣ ወንበሩ መሐል ላይ ተቀመጠች። እኩል አካፋዩ ትንሽ ወደ ዳር ተጠጋላት። ወደ መንደር ሲመለሱ የመጀመሪያው ሥራው ምንጩ አጠገብ ቆሞ "ግማሹ ከእኔ ነው" ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ነበር ይባላል፤ ይህን እንኳ የጨመሩት ተራኪዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሐኪሟ የሰጠችው ምክር ብዙ ብር የሚጠይቅ አልነበረም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ከጸሐይ ይሽሽ፤ ሲወጣ እጅጌው ረጅም፣ ሱሪው ረጅም፣ ባርኔጣው ጆሮና ማጅራት የሚሸፍን ይሁን፤ ትምህርት ቤት ፊት ወንበር ላይ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የጸሐይ መከላከያ ቅባትም ጻፈችለት። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 የሆነው በደንብ ከተቀባ ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ያህል ይይዛል፤ ግን በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። ቅባቱ ከከተማ ሲገኝ ይገዛል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። ታንዛኒያ ውስጥ በሞሺ ከተማ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ እዚያው አገር ውስጥ ይመረታል፤ እኛ ለከብት መድኃኒት ያለንን ትጋት ያህል ለዚህ ቢኖረን ምን ነበረበት።

ባርኔጣው የእናት ድርሻ ሆነ። ሰፌድ ሰፊ ናት፤ ስንደዶና አክርማ ቤቷ ሞልቷል። መጀመሪያ የሠራችውን ወደ ጸሐይ አንሥታ ብታየው በስፌቱ መሐል ብርሃን ሾለከ። ፈታችው። ሁለተኛውን ወስፌዋን አጥብቃ ሰፋች፤ አንሥታ አየች፤ ከአናቱ አጠገብ በአንዲት ቀዳዳ ብቻ ብርሃን መጣ፤ እሱንም ፈታችው። ሦስተኛው ብርሃን አላሳለፈም። ልብሱንም በዚሁ ፈተነችው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ እጇን ከኋላው ብታስገባ ጣቶቿ ታዩዋት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጣቷ አልታየም። ከዚያ ወዲህ ልጁ ለእርሻ ሲወርድ ትከሻውና አንገቱ ላይ አሮጌ ጋቢ ይደርባል። ባርኔጣው ከትከሻው የሰፋ ስለነበር አፈኛ ጎረቤታቸው ገና ከሩቅ ሲያየው "ሰፌድ ደፍቶ መጣ! እንጀራው የት አለ?" ብሎ መንደሩን አሳቀ። ያ ቀልድ አንድ ዓመት ኖረ።

ሰዓቱን ደግሞ የኔታ አቀለሉት። እርሻ ላይ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት የሚያይ የለም። ካህናት ግን ከጥንት ጀምሮ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ፣ ቀኑ ስንት ጫማ እንደሆነ እየቆጠሩ የጾም መፍቻን ያውቁ ነበር። የኔታ ልጁን ሜዳ ላይ አቁመው ጥላውን አስለኩት። "ቁመትህ በገዛ ጫማህ ሲለካ ከሰባት ትንሽ ያንሳል። ጥላህ ከሰባት ጫማ ካጠረ ካንተ አጥሯል ማለት ነው፤ ጸሐይዋ አናትህ ላይ ወጥታለች፤ ያኔ ወደ ዛፍ ሥር ግባ። ከሰባት ሲረዝምም ባርኔጣህን አታውልቅ፤ ያንተ ቆዳ የጠዋቱንም አይችልም።" የሐኪሟ ምክር በየኔታ ጫማ ተተርጉሞ ልጁ እግር ሥር ወደቀ።

ቅዳሜ ማታ ማታ እናት በኩራዝ ጀርባውን፣ ከጆሮው ኋላ፣ ከንፈሩን፣ ማጅራቱን ታየዋለች። እጁንና እግሩን ራሱ ያያል። ዓይኑ ከሩቅ ስለማይለይ ነገር ሁሉ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ነው የሚመለከተው፤ ስለዚህ ሌላው ሰው በሙሉ ዓይኑ የሚያልፈውን እሱ በደካማ ዓይኑ ያገኛል። ሐኪሟ እንዳስተማረችው ወር ያለፈውን ቁስል፣ ሳይነኩት የሚደማውን፣ ከምስር ፍሬ የሚበልጥ ጥቁር ነጥብ፣ ዳሩ ያልተስተካከለውን፣ ቀለሙ የተቀላቀለውን፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ባለፈው ወር ከነበረው የተለወጠውን ይፈልጋል።

አባት ይህን ሁሉ ተቀበለ፤ ለልጁ። ለራሱ ግን ያው ነበር። ወንፈል ላይ አፈኛው ጎረቤት "ልጅህ በቀትር ዛፍ ሥር ከተቀመጠ እኩል አይቆጠርም" ባለው ጊዜ አልተከራከረም፤ የልጁን ሰዓት እሱ ራሱ በቀትር እየሠራ ከፈለ። "እኛ ጥቁሮች ነን፤ ጸሐይ ምን ታደርገናለች?" ይል ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ከራሱ የተፈጥሮ ጥላ ጋር ስለሚወለድ ለጸሐይ የሚያሳየው ጽናት እውነት ነው፤ የቆዳ ካንሰር አይነካውም ማለት ግን አይደለም።

በዚያ አገር አባት ከእርሻ ሲመለስ እግሩን የሚያጥበው ልጅ ነው። አንድ የመስከረም ማታ ተራው የትንሹ ነበር። ለብ ያለ ውኃ አመጣ፣ ገበቴውን አስጠጋ፣ ጭቃውን አስለቀቀ። ቀኝ እግሩን አንሥቶ ውስጥ እግሩን ሲያሽ ተረከዙ ላይ አንድ ነጥብ አየ። ፎጣውን አስቀመጠ። ኩራዙን ሳበ። አፍንጫው የአባቱን ተረከዝ እስኪነካ ድረስ አጎነበሰ።

"ምን ትፈልጋለህ አንተ?" አለ አባት።

"አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"የቀጋ እሾህ ነው። አምና ወግቶኝ ጠባሳው ቀረ።"

"የእሾህ ጠባሳ ሁለት ቀለም አለው?" አለ ልጁ። በአንድ ወገን ጥቁር፣ በአንድ ወገን ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ቡናማ ነበር፤ ዳሩም አንዱ ጋ ወጣ፣ አንዱ ጋ ገባ ያለ። ምስር ቢያስቀምጡበት ከዳርና ከዳር ይተርፋል። "ያመዎታል?"

"አያመኝም። ምን ያመኛል?"

"የእኔም ጆሮ አያመኝም ነበር።"

አባት እግሩን ሊስብ ቃጣው። "ስማኝ፣ እኔ ጥቁር ነኝ። ደግሞስ ውስጥ እግር ጸሐይ ያየዋል?"

የተናገረው ሁለቱም እውነት ነበር፤ ሞት የሚያስከትለው ግን እንዲህ ያለው እውነት ነው። ሜላኖማ የሚባለው ክፉው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ጸሐይ የማያየውን ቦታ ነው፦ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ ጥፍር ሥርን። ጸሐይ ስላልሆነ ሰበቡ፣ ባርኔጣ አይመልሰውም። የሚመልሰው ማየት ነው፤ ውስጥ እግሩን የሚያይ ሰው ደግሞ ስንት አለ? ኢትዮጵያን ሲናፍቅ ኖሮ በመጨረሻ ሻሸመኔ ድረስ የመጣው ቦብ ማርሌ፣ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ የመሰለው የእግሩ አውራ ጣት በ1977 እ.ኤ.አ. ሜላኖማ ሆኖ ተገኘበት። በ1981 ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። ያ ሁሉ ዝናና ያ ሁሉ ሐኪም ባለበት አገር።

ልጁ ይህን ታሪክ አያውቅም። የሚያውቀው አባቱን ነው። እግሩን ሳይለቅ እንዲህ አለው፦ "እኔ 'ምች ነው' ተብዬ ሐኪም ቤት ሄድሁ። እርስዎ 'እሾህ ነው' ብለው ሊቀሩ ነው። እኩል አይደለም።"

ትልቁ ልጅ ከምድጃው ማዶ ሳቀ። እናትም ፊቷን አዞረች። አባት ለሃያ ዓመት ሰውን ሁሉ ሲመዝንበት የኖረው ሚዛን ተረከዙ ሥር ገብቶ ያዘው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "ነገ ገበያ ነው፤ ከነገ ወዲያ" አለ። ልጁ "ነገ" አለ። ነገ ሄዱ።

የተረፈው መንገድ ረጅም ነበር፤ ተረቱ አያንዛዛውም፣ እኔም አላንዛዛውም። ደብረ ታቦር አይታ ወደ አዲስ አበባ ላከች። አዲስ አበባ ሐኪሞቹ ብሽሽቱን ዳሰሱ፤ ንፍፊት አልነበረም፤ ደስ አላቸው። ናሙናው ልጁ የጠረጠረውን አረጋገጠ። ከነጥቡ ዙሪያ ሰፋ አድርገው የተረከዙን ሥጋ ቆረጡ፤ ከጭኑ ቆዳ ወስደው ጠገኑት። ሌላ ስድስት ወር ነጥቡን የእሾህ ጠባሳ እያለ ቢቆይ ኖሮ የሚቆረጠው ከተረከዝ እንደሚያልፍ ነገሩት። ወደ መንደሩ ሲመለስ ምርኩዝ ይዞ፣ ቀኝ እግሩን በጣቱ በኩል እያስረገጠ ነው።

የገብሱ አጨዳ ደረሰና የወንፈሉ ሰዎች ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ተራ የሚያወጣው እንደ ልማዱ እኩል አካፋዩ ነው። ተራውን አወጣና "ዘንድሮ ሰዓቱ ይለወጣል" አለ። ሰማይ ሲቀላ ይጀመራል፤ ጥላ ሰባት ጫማ ሲደርስ ሁሉም ወደ ዋርካው ይገባል፤ ጥላ ተመልሶ ሰባት ሲሞላ እስከ ጨለማ ይታጨዳል፤ ጨረቃ ካለችም ይወቃል።

"ለአንድ ልጅ ብለን?" አለ አፈኛው።

"ለአንድ ልጅ። ደግሞም በኅዳር ከንፈርህ ሲሰነጠቅ ዳማከሴ የምትፈልገው አንተ ነህ። በሬዎቹስ በቀትር ሲለግሙ ጅራፍ ይዞ ያለቀሰው ማን ነበር?"

ክርክሩ ጦፈ። ሽማግሌዎቹ በንጋት ጤዛው ገብሱን ያረጥበዋል አሉ፤ ጤዛ ያለበት ዛላ እንደማይረግፍ፣ እንዲያውም ኪሳራው እንደሚቀንስ ትልቁ ልጅ መለሰ። ሴቶቹ በበኩላቸው "ሁለት ጊዜ ምሳ የሚያቀርበው ማን ነው? ጥላው ለእናንተ፣ ጭሱ ለእኛ?" ብለው ተነሡ። ይህኛው ከባድ ነበር፤ እኩል አካፋዩም ቶሎ መልስ አላገኘለትም። በመጨረሻ የንጋቱ ቂጣና በሶ እንዲሆን፣ በሶውን ወንዶቹ ራሳቸው እንዲበጠብጡ፣ ወጥ በቀትር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቀርብ ተስማሙ። ወንዶቹ በሶ መበጥበጥ እንደማይችሉ የታወቀው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ሰው ሊነሣ ሲል ገበሬው ምርኩዙን መሬት ላይ ወጋ። "አንድ ነገር ቀርቷል። ጫማችሁን አውልቁ።"

ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ኮንጎ ጫማና ቦት ጫማ እየተጎተተ ወጣ፤ በረድፍ የተቀመጡት ሁሉ እግራቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ። ትንሹ ልጅ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ነገር ግን ባርኔጣው የሰዉን ቅልጥም እየመታ አላስጠጋ አለው። ዋርካው ሥር ጥላ ስለነበር አወለቀውና ዞር ብሎ ሳያይ በአጠገቡ ለተቀመጠው ሰው "እስቲ ያዝልኝ" ብሎ ሰጠው። የተቀበለው አፈኛው ነበር።

ልጁ አፍንጫውን ከየእግሩ ሥር እየከተተ ሄደ። ጣት እያላቀቀ መሐሉን አየ፣ ጥፍር ሥር አየ፣ ተረከዝ ዳሰሰ። አንዱን "ይኼ የጫማ ልጠት ነው" አለው፤ አንዱን "ይኼ ከልጅነትህ ጀምሮ የነበረ ነው?" ብሎ ጠይቆት "አዎ፣ አልተለወጠም" ሲለው አለፈው፤ አንዷን አሮጊት "ጥፍርዎ ሥር ያለው ጥቁር መስመር ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላቸውና መልሱን ሲሰማ በሚቀጥለው ገበያ ከእናቱ ጋር ሆስፒታል እንዲወርዱ ቀጠሮ አስያዛቸው።

ተራው አፈኛው ጋ ደረሰ። "እግሬ አልታጠበም፤ ነገ ታጥቤ እመጣለሁ" አለ።

"የማንም አልታጠበም" አለ ልጁ።

አፈኛው ቦት ጫማውን ሊያወልቅ ሞከረ፤ በእጁ ባርኔጣ ይዟል። መሬት ላይ ሊያኖረው አየና ጭቃ ነው። ለጎረቤቱ ሊሰጠው ዞረ፤ ጎረቤቱ ጫማውን እያሰረ ነው። በመጨረሻ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፋና በሁለት እጁ ቦቱን ይጎትት ጀመር።

ከረድፉ ጫፍ አንዲት ሴት "እንጀራው የት አለ?" ብላ ጮኸች። ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ዝም በሉ!" አለ አፈኛው፣ አንድ እግሩን አንሥቶ። "ልጁ ይይበት።"